ማንም እጁን ያላነሳለት ጭማሪ

በወር ከ14,000 ብር በላይ የሚያገኝ ሰው በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ የመጨረሻው እርከን ላይ ነው። ከ14,000 በላይ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ መቶ ብር 35ቱ ለመንግሥት ነው። ከዚያ በላይ ሌላ እርከን የለም። 15,000 ብር የሚከፈላት የባንክ ሠራተኛና በወር መቶ ሺዎች የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ፣ መጨረሻ ላይ ካገኟት ብር የሚቆረጥባቸው እኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ለባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ከ14,000 ብር በላይ የሚጠየቅበት ሰፈር ሞልቷል። ሕጉ ከፍተኛ ገቢ አላት የሚላት ይህች ሠራተኛ ቤት ተከራይታ ብቻዋን መኖር አትችልም።

ፐብሊክ ፖሊሲ እማራለሁ። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ስለ ፖለቲካው ይጠይቀኛል። ለቅሶ ቤትም፣ ዘመድ ጋ ቡና ላይም ያው ነው። የሚጠበቅብኝ መልስ ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ፌዴራሊዝሙ፣ ስለ አገራዊ ምክክሩ፣ ሰሜን ላይ እንደገና ጦርነት ይነሳ ይሆን ወይ ስለሚለው ነው። ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው የሚሞትባቸው ጥያቄዎች ናቸውና አላቃልላቸውም። እኔን ውስጤን የሚያንገበግበኝን ጉዳይ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ከደመወዝ ላይ ግብር የሚቆረጥበት ሠንጠረዥ ነው። ስድስት መስመር ብቻ ነው። መንግሥት ማንን እንደሚሰማና ማንን እንደማይሰማ የዚያን ያህል በግልጽ ያሳየኝ ሌላ ሰነድ የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው የመጀመሪያውን 150 ብር ነበር። ከ5,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ይህ ሠንጠረዥ 14 ዓመት ቆየ። በመሃል 2000 እና 2001 ዓ.ም. መጡ። የእህል ዋጋ ጣሪያ ነካ። ሠንጠረዡ ግን ንቅንቅ አላለም። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 ወጣ። ነፃው መጠን 600 ብር ሆነ፣ የመጨረሻው እርከን ደግሞ ከ10,900 ብር በላይ። እሱም ዘጠኝ ዓመት ቆየ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ድርቅ መጣ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ 2017 ላይ ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1395ን አጸደቀ። ነፃው መጠን 2,000፣ የመጨረሻው እርከን ከ14,000 በላይ ሆነ።

ዜናው ለሠራተኛው የግብር ቅናሽ ተደረገ የሚል ነበር። በወረቀት ላይ እውነት ነው። 10,900 ብር የሚያገኝ ሰው በድሮው ሠንጠረዥ 2,315 ብር ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ 1,920 ይቆረጥበታል። 395 ብር ተረፈው ማለት ነው። ተመስገን ነው፣ ምንም ከማይጨመር ይሻላል።

ነገር ግን ብሩ ራሱ ያው ብር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ሲሶ ኩንታል ገደማ ነጭ ጤፍ ይገዛ ነበር። ዛሬ ኩንታሉ ከአስር ሺህ ብር በላይ ስለሆነ 2,000 ብር የኩንታሉን አምስተኛ እንኳ አይገዛም። ሕጉ ከግብር ነፃ አድርጌልሃለሁ የሚለው እንጀራ አንሷል እንጂ አልጨመረም። በላይኛው ጫፍ ደግሞ ይብሳል። በ1994 ዓ.ም. 35 በመቶ የሚቆረጥበት ሰው በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ ከ580 ዶላር በላይ የሚያገኝ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 500 ዶላር ገደማ ሆነ። አዲሱ አዋጅ ሲወጣ ወደ መቶ ዶላር ወርዷል። ደመወዝተኛው በዶላር እንደማይገበያይ አውቃለሁ፤ ዶላሩ መለኪያ ይሁን እያልኩ አይደለም። ግን በጤፍ ለካነው፣ በዶላር ለካነው፣ በቤት ኪራይ ለካነው፣ ሁሉም የሚያሳየው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ያኔ የመጨረሻው እርከን የነበረው ለጥቂት ደህና ተከፋዮች ነው። ዛሬ መካከለኛው ሠራተኛ በሙሉ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ይህ እንዴት ሆነ? ግብሩን ለመጨመር ብሎ ማንም ሕግ አላወጣም። ኑሮ ሲወደድ ደመወዝ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። ጭማሪው የዋጋውን ግማሽ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ሠንጠረዡ ግን ይህን አያውቅም። የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሠራተኛውን ወደሚቀጥለው እርከን ያሻግረዋል። ሰውየው በጤፍ ሲለካ ደኽይቷል፣ በግብር ሲለካ ከፍ ብሏል። መንግሥት ከእሱ የሚወስደው ድርሻ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጭማሪ ግን ምክር ቤት ውስጥ ክርክር አይደረግም፣ እጅ አይወጣም፣ ጋዜጣዊ መግለጫ አይሰጥም።

አንድ ጓደኛዬ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጀማሪ ባለሙያ ነው። ዲግሪውን ይዞ የገባው በ6,940 ብር ነበር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያ የባለ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ሆነ። ዜናው ሲሰማ ተደዋውለን ደስ ብሎን ነበር። 4,560 ብር ቀላል ጭማሪ አይደለም። ከዚያ ደመወዙ ገባና ባንኩ የላከለትን መልእክት አሳየኝ። «ሌላውስ የታል?» አለኝ። እዚያው ካፌ ውስጥ ስልኬ ላይ ቁጭ ብለን አሰላነው።

በ6,940 ብር ግብሩ 888 ብር ነበር። በ11,500 ብር ግብሩ 2,100 ብር ነው። ከጭማሪው 1,212 ብሩ ለግብር ሄዷል ማለት ነው። ጡረታው 7 በመቶ ስለሆነ እሱም በ319 ብር ከፍ ብሏል። ጡረታው የራሱ ነው፣ አንድ ቀን ያገኘዋል፣ እሱን እንተወው። ከ4,560 ብር ጭማሪ እጁ የገባው 3,029 ብር ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ የሚጨመርለት እያንዳንዱ መቶ ብር 30 ብር ይቆረጥበታል። ገና ጀማሪ ነው። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነው ተከራይቶ የሚኖረው። ከእሱ በላይ የቀረው እርከን ግን አንድ ብቻ ነው።

ወደ ታች እንውረድ። በዚሁ ማስተካከያ የመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህ የጽዳት ሠራተኛዋና የጥበቃው ደመወዝ ነው። ከ6,000 ብር ላይ 700 ብር ግብር ይቆረጣል፣ 420 ብር ጡረታ። የተጣራው 4,880 ነው። መንግሥት ከዚህ በታች ሰው መቅጠር የለብኝም ብሎ የወሰነው ደመወዝ ላይ ራሱ መንግሥት ግብር ይቆርጣል። በተማርኩት ሁሉ ውስጥ ለዚህ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ዝቅተኛ ደመወዝ ማለት ሰው ከዚያ በታች መኖር አይችልም ማለት ከሆነ፣ ከዚያ ላይ የሚወሰደው 700 ብር ከምኑ ላይ ነው የሚወሰደው?

የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ደግሞ ይህም የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ዓመታት አለፉ፣ እስካሁን የተወሰነ ወለል የለም። በ2011 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ ሲዘገብ ዓለም ተነጋግሮበት ነበር። ወሬው ቀዘቀዘ፣ ወለሉ ግን አሁንም አልተቀመጠም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የግብር ነፃው መጠን ከ2,000 ብር በብዙ እጥፍ ከፍ እንዲል ጠይቆ ነበር። አልተሰማም።

እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ ነገር የሚመጣው። መንግሥት የሚንቀሳቀስ ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅም ሊባል አይችልም። በደንብ ያውቃል። የምንዛሪ ዋጋው በየቀኑ ይለወጣል፤ ባንኮቹ በየማለዳው ይለጥፋሉ። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ይከለሳል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ከመቶ ብር በላይ የደረሰው እንዲሁ ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ሠንጠረዥ ተሠርቶለታል። ለእያንዳንዳቸው ምክንያት አለ፣ በአንዳንዱም እስማማለሁ። ለዓመታት በሰው ሠራሽ መንገድ የተያዘው ምንዛሪ ላኪውን ገድሎ የጥቁር ገበያውን ነጋዴ ሲያደልብ አይተናል። የነዳጅ ድጎማውም አብዛኛው የሚደርሰው ባለ መኪናው ጋ ነበር። ዋጋ እውነቱን ይናገር የሚለው መርህ መጥፎ መርህ አይደለም። ግን መርህ ከሆነ ለሁሉም ይሁን። ዜጋው ለመንግሥት የሚከፍለው ዋጋ ሁሉ ከገበያው ጋር እንዲራመድ ተደርጓል። ከግብር የሚያመልጥበት ቁጥር ብቻ ነው ባለበት የቆመው።

በክፍል ውስጥ ይህን ሳነሳ የሚመጣብኝን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፣ ከባድም ነው። አገሪቱ ከአጠቃላይ ምርቷ በግብር የምትሰበስበው ከ10 በመቶ በታች ነው። በአፍሪካ ደረጃ እንኳ ዝቅተኛ ነው። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፣ ዕዳ አለ፣ የመልሶ ግንባታ ሥራ አለ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሐምሌ 2016 ላይ ያጸደቀው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አገሪቱ ከራሷ ግብር ብዙ እንድትሰበስብ ይጠይቃል። መንግሥት ገቢ ሲያጣ ከብሔራዊ ባንክ እየተበደረ የኖረበት ዘመን ምን እንዳስከተለ ሁላችንም በገበያ አይተነዋል፤ ብር ይታተማል፣ ዋጋ ይንራል፣ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ያው ደመወዝተኛው ነው። ስለዚህ ግብር አትሰብስቡ የሚል ሰው አይደለሁም። ሰብስቡ ነው የምለው።

ጥያቄው ከማን ነው። ከደመወዝተኛው መሰብሰብ ቀላል ነው። ብሩ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። የፋይናንስ ክፍሉ ቆርጦ ያስቀረዋል፣ አሠሪው በየወሩ ያስገባል፣ ሠራተኛው ፊርማውን ብቻ ያኖራል። ነጋዴው ግምት በዝቶብኛል ብሎ ይሟገታል፣ ይግባኝ ይላል፣ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ሱቁን ዘግቶ ይቀመጣል። ባለ ብዙ ሕንፃው ጠበቃና አማካሪ አለው። መምህሩ ምን አለው? መሸሽ የማይችለው ላይ ሸክሙን እየጨመሩ መሄድ ለሰብሳቢው ይቀላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ደግሞ ዘላቂ አይደለም። አሠሪዎች ደመወዙን ዝቅ አድርገው አበሉን ማብዛት ለምደዋል። ሠራተኛው ዛሬ እጁ የሚገባው ትንሽ ይጨምርለታል፣ ነገ ጡረታው የሚሰላው ግን በዚያች ዝቅ ባለች ደመወዝ ነው።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ መክፈል አይወድም የሚል ሰው ካለ የሕዳሴ ግድብን ይመልከት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ያ ግድብ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞችና የመምህራን የወር ደመወዝ አለ። ቦንድ ገዙ፣ በየወሩ አስቆረጡ፣ ዓመታት ጠበቁ። ለምን እንደሚከፍሉ ተነግሯቸዋል፣ ሲገነባም አይተዋል። የደመወዝ ግብሩ ላይ የጠፋው ይህ ነው። ጨምረን እንወስዳለን፣ ለዚህ ጉዳይ ነው የምንወስደው ብሎ ፊት ለፊት የነገራቸው የለም።

በሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚከፍሉት የፌዴራል ገቢ ግብር እርከን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በዋጋ ንረቱ ልክ ከፍ ይላል፤ ሕጉ ራሱ ያዛል። አሜሪካ ሀብታም ናት ከተባለ ደቡብ አፍሪካን እንውሰድ። እዚያ የገንዘብ ሚኒስትሩ በጀት ሲያቀርብ እርከኖቹ ለዋጋ ንረቱ ይስተካከሉ አይስተካከሉ በግልጽ ይናገራል። በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. አልተስተካከሉም። መንግሥት ገንዘብ ቸግሮት ነበር። ግን ይህን ደብቆ አላደረገውም። ባለማስተካከሉ ስንት ገቢ እንደሚያገኝ በበጀት ሰነዱ ላይ አሰፈረ፣ ጋዜጦቹም ተቀበሉት፣ ሕዝቡም ይህ የግብር ጭማሪ ነው ብሎ ተከራከረ። በ2025 የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመር ሲባል ደግሞ ጥምር መንግሥቱ ውስጥ ያሉት ፓርቲዎች ተጣልተው ጭማሪው ቀረ። ደቡብ አፍሪካ የራሷ መከራ አላት፣ እንደ አርአያ አላቀርባትም። የምቀናው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ሰው የተወሰደበትን ያውቃል።

እኛ ጋ ክርክሩ ራሱ ወደ ሌላ ይሄዳል። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ሥራ ሲያቆሙ የሆነውን አስታውሱ። አብዛኛው ንግግር ሐኪም ሥራ ማቆም ይችላል አይችልም በሚለው ላይ ዋለ። ከኋላቸው ማን አለ ተባለ። የታሰሩም ነበሩ። በሽተኛ ያለ ሐኪም መቅረት እንደሌለበት ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ሐኪም በወር ስንት እንደሚከፈለው፣ ከዚያ ላይ ስንት እንደሚቆረጥ፣ የቀረው ለስንት ቀን እንደሚበቃ በቁጥር የተነጋገርንበት ጊዜ ከሁሉም ያነሰ ነበር። የኪስ ጥያቄ የፖለቲካ ሴራ ተደርጎ እስከታየ ድረስ መልስ አያገኝም።

ምርጫ ቦርድ 7ኛውን አጠቃላይ ምርጫ ለ2018 ዓ.ም. ቀጥሮ ነበር። የፓርቲዎችን ፕሮግራም ሳነብ ስለ አገር ግንባታ፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ታሪክ ገጾች ሙሉ ተጽፏል። ስለ ግብር ያለው ፍትሐዊ የግብር ሥርዓት እናሰፍናለን የሚል ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያንን ማንም ሊጽፈው ይችላል። እኔ እጩ ቢያጋጥመኝ የምጠይቀው ቀጥታ ነው፦ ከግብር ነፃ የሚሆነው ስንት ብር ነው? በየስንት ዓመቱ ነው የምትከልሰው? ከዚያ የሚጎድለውን ገቢ ከየት ነው የምታመጣው? ሦስተኛውን መመለስ ያቃተው እጩ የመጀመሪያውን ቢመልስም አላምነውም። ተቃዋሚውም ገዢውም ለኔ በዚህ እኩል ናቸው።

የኔ ሐሳብ ረጅም አይደለም። አዋጁ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን የሠንጠረዡ መጠኖች የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ባወጣው የ12 ወር አማካይ የዋጋ ንረት ልክ ከፍ ይላሉ ይበል። ገንዘብ ሚኒስቴር አንድ ዓመት ይህ እንዳይሆን ከፈለገ ምክንያቱንና በዚህ የሚያገኘውን ገቢ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ያስወስን። ችግር ከመጣ፣ ጦርነት ከመጣ፣ ምክር ቤቱ እጁን አውጥቶ ዘንድሮ አይስተካከልም ማለት ይችላል። ማን እንደደገፈው፣ ማን እንደተቃወመው ግን እናውቃለን። ነፃው መጠን ደግሞ ቢያንስ ከመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ በታች መሆን የለበትም። ዛሬ ይህ 6,000 ብር ነው። የሚጎድለው ገቢ ትንሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከ14,000 በላይ ያለው ሁሉ አንድ ላይ መታጨቁ ትክክል አይደለም የምለው። በወር 14,000 እና በወር 300,000 መካከል ሁለት ሦስት እርከን የሚገባበት ሰፊ ቦታ አለ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ ይኸው ነው። የጎደለኝ መረጃ በየእርከኑ ስንት ሠራተኛ እንዳለና ከየእርከኑ ስንት ብር እንደሚሰበሰብ ነው። አሠሪዎች በየወሩ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስገቡት የደመወዝ ዝርዝር ውስጥ ሁሉም አለ። የማንንም ስም ሳይነካ ድምሩ ብቻ በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር ቢታተም፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ጋዜጠኛውም፣ የሠራተኛ ማኅበሩም፣ የምክር ቤት አባሉም በቁጥር መከራከር ይችላል። እስከዚያው ድረስ የደመወዝ ዝርዝር የምትሠሩ የፋይናንስ ክፍል ሰዎች ብትረዱኝ ደስ ይለኛል። የመሥሪያ ቤታችሁንም የሠራተኞቹንም ስም አልፈልግም። የ2008ን እና የዘንድሮን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ ያኔ ከመቶ ሠራተኛ ስንቱ 30 እና 35 በመቶ እርከን ውስጥ እንደነበረ፣ አሁንስ ስንቱ እንደሆነ ብቻ ቆጥራችሁ ጻፉልኝ።